ሦስት ኮዳ ውሃ

አባቴን መድኃኒቱን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው ይህን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ቤታችን ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው።

አባቴ ነገሌ የገባው ወታደር ሆኖ ነው። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቹ ጓዛቸውን እየጠቀለሉ ወደየአገራቸው ሄዱ። እሱ ቀረ። እናቴ የዚያው አገር፣ የሊበን ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ ገና መራመድ መጀመሬ ነበር። ከጦር ሰፈሩ በታች ባለ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ ከዓመታት በኋላ ወፍጮው የራሱ ሆነ። ከተማው ግን እስከ ዛሬ ስሙን ትቶ “ሃምሳ አለቃ” ነው የሚለው። እናቴም እንደዚያው፤ “ሃምሳ አለቃ፣ ምሳ ደርሷል፣ ይምጡ” ትለዋለች፣ በአንቱታ። እኔ ብቻ ነኝ አንተ የምለው።

ትንፋሹ ማጠር ሲጀምር የዱቄቱ ብናኝ ነው አልን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱቄት የማገ ሰው ቢያስለው ምን ይገርማል? ከዚያ ግን ግማሽ ኩንታል ተሸክሞ ከበሩ እስከ ባስኩሉ፣ እህል እስከሚመዘንበት ሚዛን ድረስ፣ መድረስ አቃተው። መንገድ ላይ ጆንያውን አስቀምጦ ግድግዳ ይደገፋል። አንድ ቀን እናቴ እግሩን ስታጥበው ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷ የገባበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝ። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ደረቱን አዳመጠ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ሥር አየ፣ እግሩን ተጫነ። “አባባ፣ ልብዎ ደክሟል። ደሙን እንደ ድሮው መርጨት አልቻለም” አለው። ሁለት ዓይነት ኪኒን አዘዘለት። “አንደኛው ሽንት ያበዛል፤ ውሃው እንዲወጣ ነው፣ አይፍሩት። ጨው ይቀንሱ። በወሩ ይመለሱ።” ሌላም ያለው ነገር ነበር፤ እኔ ግን “ልብዎ ደክሟል” የሚለው ላይ ቀርቼ የቀረውን አልሰማሁም። ከበሩ ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበር። ካርዱ ላይ ከጻፈው ውስጥ ማንበብ የቻልኩት ክብደቱን ብቻ ነው፤ ስልሳ አራት ኪሎ።

ቤት ስንደርስ ለእናቴ ነገርኳት። በኦሮምኛ ልብ “ኦኔ” ነው፤ ወኔም ያው ኦኔ ነው። ኦኔው ደከመ ስላት ተቆጣች።

“የማን ኦኔ ነው የደከመው? የሃምሳ አለቃ? ይሄ ልጅ ሐኪም የት ያውቃቸዋል!”

“እማዬ፣ ወኔ አይደለም፤ ሥጋው ነው፣ ደረቱ ውስጥ ያለው።”

“ታዲያ ሲያርፍ ይድናል?”

አላውቅም ነበር። መምህር ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የአየር ንብረት ጠይቁኝ፣ ወንዞችን ጠይቁኝ። የአባቴ ልብ ምን እንደሆነ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ዘመኑ እንዳስተማረኝ አደረግኩ፤ ስልኬን አወጣሁ።

“የልብ ድካም” ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። የመጣልኝ ነገር አንዱ ካንዱ አይገጥምም። አንዱ ድንገት ደረት ላይ ስለሚወድቅ ሕመም ያወራል፣ ሌላው ስለ እግር ማበጥ፣ ሦስተኛው ስለ ጭንቀትና ስለ ጸሎት። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ስም እንደሚጠሩ ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አብዛኛው ቪዲዮ ነው። ቀይ ልብ፣ የሚያለቅስ ሰው፣ ከላዩ ላይ “ይህን ሳያዩ መድኃኒት እንዳይውጡ” የሚል ጽሑፍ።

ከእነሱ መካከል አንዱ ያዘኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ድምፁ የረጋ፣ አማርኛው ያማረ ሰው ነው። አይጮኽም። “እግርዎ ያብጣል? ትንፋሽ ያጥርዎታል?” ብሎ ጀመረ፤ አባቴን አይቶ የመጣ ነው የመሰለኝ። ሰውነት የሚያብጠው ውሃ ሲጠማ ነው፣ ውሃ የጠማው ሰውነት ያለውን ውሃ አልለቅም ብሎ ይይዛል፣ ስለዚህ በቀን ሦስት ሊትር ጠጡ፣ ደሙ ይቀጥናል፣ ልብም ያርፋል አለ። የሚያሸናው ኪኒን ደግሞ ኩላሊት ያደርቃል አለ። መጨረሻ ላይ እሱ የሚያዘጋጀው የሽፈራው ቅጠልና የጥቁር አዝሙድ ዱቄት እንዳለ ተናግሮ ስልክ ቁጥር አሳየ። ዱቄቱን አልገዛሁም። ባለመግዛቴም ራሴን እንደ ብልህ ቆጠርኩ፤ ሻጩን ተውኩ፣ ምክሩን ግን ወሰድኩ።

ለምን እንዳመንኩት ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በቋንቋዬ ነገረኝ። አልቸኮለም። ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት ሁሉ ምስጋናና ምርቃት ነበር። የኛ አገር ደግሞ በረሃ ነው፤ ውሃ ጠጡ የሚልን ሰው ማን ይጠረጥራል?

አባቴ ትእዛዝ ይወዳል። ካንዱ ጥግ የወታደርነቱን ኮዳ አወጣ፣ አጠበው፣ በሊትር ጆግ ለካው። “ሦስት ኮዳ ከትንሽ ፈሪ” አለ። ጠዋት አንድ፣ ምሳ ሰዓት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። እየጠጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ አንዴም ግን አልቀረም። የሚያሸናው ኪኒን ደግሞ መጀመሪያውንም አስጠልቶታል። ወፍጮ ቤቱ በሴት ወይዘሮ የተሞላ ነው፤ በየሩብ ሰዓቱ ወደ ጓሮ ለመሮጥ አፈረ።

“ልጄ፣ ይሄን እንኳ ብተወውስ?” አለኝ።

“ኩላሊትም ያደርቃል ተብሏል፤ እስኪ ለጊዜው ይቅር” አልኩት።

ይህን ያልኩት ቆሜ ነው፤ ለክፍለ ጊዜ ልሄድ የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ። እንዲህ ቀላል ነገር ነበር።

ስምንተኛው ቀን ሐሙስ ነው። ጠዋት ወደ ክፍሉ ስገባ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ትራስ አቅፎ፣ ወደፊት ደገፍ ብሎ አገኘሁት። ስተኛ ውሃ ውስጥ የሰጠምኩ ይመስለኛል አለኝ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተወጥሯል። ከንፈሩ አመድ መስሏል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ “ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ” እያለች አምላኳን ትጠራለች፤ ድምፅዋ አይሰማም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

“ሆስፒታል እንሂድ” አልኩት።

“ወሩ አልደረሰም። በወሩ ነው ያለኝ።” በአንድ ትንፋሽ መናገር አልቻለም፤ ‘ወሩ’ ብሎ አረፈ፣ ከዚያ ቀጠለ። “ውሃው ገና እየሠራ ይሆናል።”

ያን ጊዜ ነው ወንበሩ ሥር ያለውን ኮዳ ያየሁት። ውሃው።

ያቤሎ የምትሠራ ነርስ ጓደኛ አለችኝ፤ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። ደወልኩላት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እግሩ አበጠ፣ ተቀምጦ ነው ያደረው ስላት “መድኃኒቱን እየወሰደ ነው?” አለች።

“ትንፋሹም አጥሯል” አልኩ።

“ስሚኝ፣ እየወሰደ ነው ወይ?”

“የሚያሸናውን ተወው። ውሃ እንዲጠጣ… ኢንተርኔት ላይ…”

“ምን ያህል ውሃ?”

“ሦስት ሊትር።”

ከወዲያ ማዶ ትንፋሽዋን ስትስብ ሰማሁ። “ማን ነው የጻፈው? ስሙ አለ? የት ነው የሚሠራው? ከሥሩ የሚሸጠው ነገር አለ?” አለችኝ። የማውቀው የሚሸጠው ነገር እንዳለ ብቻ ነው። “አሁኑኑ ውሰጂው። መድኃኒትሽን ጣይ የሚልሽን ሰው በጭራሽ…” ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

እንዲያም ሆኖ አላመንኳትም ማለት ይቻላል። ማመን ማለት ያደረግኩትን ማወቅ ነበርና። ግቢያችን ጥግ ላይ፣ ኔትወርክ ትንሽ በሚሻልበት ቦታ፣ አጥሩን ተደግፌ እንደገና ፈለግኩ። አሁን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ልቡ ለደከመ ሰው ምን ያህል ፈሳሽ? ገጹ በግማሽ ይከፈታል፣ ይቆማል። አጠፋለሁ፣ እከፍታለሁ። ከቤት ውስጥ ሳሉ ይሰማኛል።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ተከፈተ። የትልቅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ሥዕል የለው፣ ሙዚቃ የለው፣ የሚሸጥ ነገር የለው። የጻፉት የልብ ሐኪሞች ስማቸው ተቀምጧል፣ መቼ እንደታረመም ተጽፏል። የሚለው ነገር ደረቅ ነው። ልብ ሲደክም ውሃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ፈሳሹ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ከልክ በላይ መጠጣት እብጠቱንና የትንፋሹን ማጠር ያባብሳል። የሚያሸናውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቁሙ። በየጠዋቱ ይመዘኑ፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ከጨመሩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ጋደም ማለት ካቃተዎ አይጠብቁ።

ሌላ ገጽ ፈለግኩ፤ የሌላ አገር የልብ ሐኪሞች ማኅበር ነው። ያንኑ ይላል። ሦስተኛውም ያንኑ። ጋውን የለበሰው ሰውዬ ያለውን የሚል አንድም አላገኘሁም።

ወደ ቤት ገባሁ። አባቴን ብለምነው እምቢ እንደሚል አውቃለሁ፤ ክርክር አይረታውም፣ ቁጥር ግን ያምናል። “አባዬ፣ ተነስ፣ ወፍጮ ቤት እንሂድ፤ ባስኩሉ ላይ ላውጣህ” አልኩት።

“እኔን? እንደ በቆሎ?” ሊስቅ ሞከረና ሳል ያዘው።

ወፍጮ ቤቱ ከግቢያችን ጋር አጥር ነው የሚጋራው። ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሦስት ጊዜ አረፍን። እናቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘነው ብረቱ ላይ ወጣ። ራሱ ጎንበስ ብሎ የሚዛኑን ተንሸራታች ክብደት ገፋ አደረገው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራበት እጅ ነው፣ ቦታውን ያውቃል። ዘንጉ ተንሳፈፈ፣ ቆመ። አባቴ ቁጥሩን አየና እንደገና ገፋው። እንደገና እዚያው ቆመ። ሰባ አንድ።

“ካርዱ ላይ ስንት ነበር?” አለ።

“ስልሳ አራት።”

ከባስኩሉ አልወረደም። “በስምንት ቀን ሰባት ኪሎ ሥጋ የሚያወጣ ሰው የለም” አለ ቀስ ብሎ። “ይሄ ውሃ ነው።”

“ውሃ ነው አባዬ። ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ። ሰውዬው ውሸታም ነው፤ ሳላጣራ ነው የነገርኩህ።”

ትከሻዬን ይዞ ወረደ። “ባጃጅ ጥሪ” አለ ብቻ።

ባጃጁ ድንጋዩ ላይ ሲነጥር አባቴ የፊቱን ብረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ነበር። በየጉድጓዱ ዓይኑ ይፈጣል። እኔ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፤ ለምን እንደምቆጥር ግን አላውቅም። እናቴ ከጎኑ ሆና ጀርባውን ትይዛለች። አንዲት የምታውቃት ሴት ከመንገድ ዳር “አካም? ናጋ?” ብላ እጇን አነሳች፤ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ሰላምታ ሳትመልስ አለፈች።

ሆስፒታሉ ሲያየው ተራ አልጠየቀንም። ዊልቸር መጣ፤ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደረገ። ያው ወጣት ሐኪም ነው የመጣው። ጀርባውን አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ። “ሳንባው ውሃ ሞልቷል። መድኃኒቱን ማን አስቆመው?” አለ።

አባቴ ከኦክስጅኑ ሥር ጣቱን አነሳ። “እኔ” አለ። “ራሴ ነኝ።”

“አይደለም” አልኩ። “እኔ ነኝ።”

ሐኪሙ ሁለታችንንም አየና ወደ ሥራው ዞረ። በደም ሥሩ መርፌ ተሰጠው፣ የሽንት ቱቦ ገባለት። ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነው። እናቴና እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት እናያለን። እንዲያ ዓይኔን ሳልነቅል ያየሁት ነገር የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህ ነው የሚባል ነገር አልወጣም። ነርሷ እየመጣች ታየዋለች፣ ትሄዳለች። እናቴ መቁጠሪያዋን እያሽከረከረች በኦሮምኛ ትጸልያለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞራ “ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አታልቅሺ፤ ይሰማሃል” አለችኝ። ስትጨነቅ አማርኛዋ እንዲህ ሴትና ወንድ ይቀላቅልባታል፤ አባትሽ ይሰማሻል ማለቷ ነው። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከምሳ ሰዓት በኋላ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ነርሷ ከረጢቱን ስትቀይር “ጥሩ ነው” አለች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባቴ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ተናገረ፤ “ወፍጮው አልተዘጋም፣ ሄደሽ ቁልፊው” አለ። እናቴ ሳቀች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ።

ሐኪሙ እዚያው አገኘኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ቀድሜ ስልኬን ዘረጋሁለት፤ መጀመሪያ ቪዲዮውን፣ ቀጥሎ የማስተማሪያ ሆስፒታሉን ገጽ፤ ባስኩሉ ያሳየንንም ነገርኩት። ቪዲዮውን እስከ ግማሽ አይቶ መለሰልኝ። ገጹን ግን ቆሞ አነበበው።

“ይሄኛው ልክ ነው። አባትሽን ባስኩል ላይ ያወጣሽው ይሄን አንብበሽ ነው?”

“አዎ።”

“እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ…” አለና ተወው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ “መፈለግሽ ጥፋት አይደለም። ያገኘሽውን ይዘሽ አልመጣሽም፤ ጥፋቱ እሱ ነው። የፈለግሽውን አንብቢ፣ ግን መድኃኒት ከመንካትሽ በፊት እኔን ወይም ሌላ ሐኪም ጠይቂ።”

አምስት ቀን ተኝቶ ወጣ። ክብደቱ ወደ ስልሳ ሦስት ኪሎ ወረደ። በየጠዋቱ ቁርስ ሳይበላ ባስኩሉ ላይ ይወጣና ቁጥሩን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ጨው ማስተው ከሁሉም ከበደን። አባቴ የአማቾቹ አገር ልጅ ከሆነ ወዲህ ቡናውን በጨው ነው የሚጠጣው። እናቴ ሐኪሙ ያለውን ለሊበን ዘመዶቿ በኦሮምኛ ስትነግር ሰምቻታለሁ፤ “ኦኔው አልፈራም፤ ውሃ ነው የከበደው” ትላቸዋለች። እኔ ካነበብኩት ሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ነው። በኦሮምኛ የተጻፈ ፈልጌላት ነበር፣ ብዙም አላገኘሁም፤ ያገኘሁትን ግማሹን ራሴ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩላት።

ጋውን ለለበሰው ሰውዬም ጻፍኩለት። ከቪዲዮው ሥር፣ ስድብ ሳልጨምር፣ የሆነውን ሁሉ ተረክሁ። በማግስቱ ጽሑፌ ጠፍቷል፣ እኔም ታግጃለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ የልብ አልትራሳውንድ እንዲነሳ ወደ ሐዋሳ ላከን። በአዶላ በኩል ነው የሄድነው፤ መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ጎማ ፈነዳ፣ አባቴ ግን ደህና ነበር። ከታመኑት ገጾች እየለቀምኩ የምንጠይቀውን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፤ ስንት ፈሳሽ፣ የትኛው ማስታገሻ ይጎዳዋል፣ ጉንፋን ሲይዘው ምን እናድርግ። የልብ ሐኪሟ ሴት ናት፤ ወረቀቱን አይታ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ መለሰችልኝ።

አባቴ በግራ ጎኑ ተኝቷል። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን አይቆምም። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየው።

“ይሄ የኔ ነው?” አላት።

“የእርስዎ ነው አባባ። እየሠራ ነው። ትንሽ ሰፍቷል፣ ጉልበቱ ቀንሷል። እንዳይደክም አብረን እንረዳዋለን።”

“ስንት ዓመት ያገለግላል?”

እኔ ወረቀቴ ላይ ያልጻፍኩት፣ ልጽፈውም ያልደፈርኩት ጥያቄ ነው። ሐኪሟ መሣሪያውን ሳታነሳ አየችው። “አላውቅም” አለችው። “ብዙ ዓመት የኖሩ አሉ። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ፣ በየሦስት ወሩ ይምጡ። ከዚያ በላይ የማውቅ መስዬ አልዋሽዎትም።”

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ደረቱ ላይ የተቀባውን ቅባት በወረቀት እየጠረገ ተቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

“እሷን ከምናምናቸው ጋር ጻፊያት” አለኝ። “አላውቅም ያለችኝን።”